የሊኑክስ ጥያቄና መልስ፦ መብራት ሲሄድ፣ ዳታ ሲያልቅ፣ ዲስክ ሲሞላ

ደሴና ኮምቦልቻ ሆናችሁ ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት የምትጠቀሙ ሰዎች የላካችኋቸው ጥያቄዎች ናቸው። አብዛኞቹ ሲፈተሹ ሲስተሙ አልተበላሸም፤ የጀመረው ሥራ ነው መሀል ላይ የተቋረጠው። ወይ መብራት ሄዷል፣ ወይ ዳታ አልቋል፣ ወይ ዲስኩ ሞልቷል። ስለዚህ «ፎርማት ይደረግ» የሚለውን ምክር ለጊዜው ወደ ጎን እናድርገው። ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን አስፍሬያለሁ፤ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ፣ ትልቅ ፊደል ካላልኩ በቀር፣ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ይጻፋሉ፣ ክፍተቱና ሰረዙ እንዳለ ይቀመጣል።

ጥያቄ (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)፦ አፕዴት እያደረግኩ መብራት ጠፋ። ሲመለስ ዴስክቶፑ ይከፈታል፤ ግን ምንም ልጫን ብል «ዲፒኬጂ ዋዝ ኢንተራፕትድ» ይለኛል። ፎርማት ካልተደረገ አይስተካከልም ተብያለሁ።

መልስ፦ አብሽር፣ ፎርማት አያስፈልገውም። ዲፒኬጂ የሚባለው ጫኚ ፓኬጅ (ታሽጎ የሚመጣ ፕሮግራም) የሚጭነው በሁለት ደረጃ ነው፤ መጀመሪያ ፋይሎቹን ይዘረግፋል፣ ቀጥሎ ኮንፊገር ያደርጋቸዋል። መብራቱ የሄደው በሁለቱ መሀል ነው። የትኛው ፓኬጅ የት እንደደረሰ ተመዝግቦ ስለሚቀመጥ ካቆመበት መቀጠል ይችላል። በዚህ ቅደም ተከተል ስጠው፦

ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ
ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል
ሱዶ አፕት አፕዴት
ሱዶ አፕት ፉል-አፕግሬድ

መሀል ላይ የአንድ ፓኬጅ ስም ጠርቶ «ሚሲንግ ፋይናል ኒውላይን» ካለህ የዚያ ፓኬጅ የፋይል ዝርዝር እየተጻፈ ሳለ ተቆርጧል ማለት ነው። /ቫር/ሊብ/ዲፒኬጂ/ኢንፎ ውስጥ በፓኬጁ ስም ጀምሮ በ.ሊስት የሚያልቀውን ያንን አንድ ፋይል ብቻ ወደ ሌላ ቦታ አንሳውና «ሱዶ አፕት ኢንስቶል --ሪኢንስቶል» ብለህ የፓኬጁን ስም ጨምር። ፎልደሩን በሙሉ የሚያጠፋ ሰው አለ፤ ያኔ እውነትም ፎርማት ይመጣል።

ዴስክቶፑ ጭራሽ እምቢ ካለ ሲነሳ ሺፍትን ይዘህ ቆይ፤ ዩኢኤፍአይ በሆኑ ማሽኖች ደግሞ ኢስኬፕን ነካ አድርግ። የግራብ ዝርዝር (ማሽኑ ሲነሳ የሚመጣው የምርጫ ስክሪን) ሲመጣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ ሪከቨሪ የሚለውን ምረጥ። እዚያ «ዲፒኬጂ» የሚል ምርጫ አለ፣ ያንኑ ሥራ ይሠራልሃል።

ለወደፊቱ አውርዶ መጨረስንና መጫንን ለያያቸው። «ሱዶ አፕት ፉል-አፕግሬድ --ዳውንሎድ-ኦንሊ» ማውረድ ብቻ ነው፤ እሱ እያለ መብራት ቢሄድ የሚበላሽ ነገር የለም፣ የወረደው ተቀምጦ ቀሪው ይቀጥላል። ሁሉም ከወረደ በኋላ «ፉል-አፕግሬድ» ብቻውን ሲሰጥ አደጋው የመጫኛው ደቂቃዎች ብቻ ይሆናሉ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሸፍነዋል። ዴስክቶፕ ከሆነ ትንሽ ዩፒኤስ ይበቃል፤ ሳጥኑንና ሞኒተሩን ብቻ ሰካበት፣ ሌዘር ፕሪንተር ግን በጭራሽ፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ዩፒኤሱን ይጥለዋል።

ጥያቄ (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)፦ የእኔ ደግሞ መብራት ከሄደ በኋላ ጥቁር ስክሪን ላይ «ኢኒትራምኤፍኤስ» ብሎ ቆመ።

መልስ፦ የፋይል ሲስተሙ በራሱ ሊጠግነው ያልደፈረው ስህተት አግኝቷል፤ ፈቃድሽን እየጠበቀ ነው። ከላዩ ያለውን መስመር አንብቢ፣ የክፍልፋዩን ስም ይነግርሻል፤ ለምሳሌ /ዴቭ/ኤስዲኤ2። ከዚያ «ኤፍኤስሲኬ -ዋይ /ዴቭ/ኤስዲኤ2» ብለሽ ሲጨርስ «ሪቡት»። ቁጥሩን ከስክሪኑ ውሰጂ እንጂ ከእኔ ምሳሌ አትቅጂ።

መብራት ሳይሄድ የሚደጋገም ከሆነ ግን ዲስኩ ራሱ እየሞተ ሊሆን ይችላል። ስማርትሞንቱልስ የተባለውን ፓኬጅ ጭነሽ «ሱዶ ስማርትሲቲኤል -ኤ /ዴቭ/ኤስዲኤ» በይ። «ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር» ፊት ለፊት ያለው የመጨረሻ ቁጥር ዜሮ ካልሆነ መጠገኑ ይቆይ፤ መጀመሪያ ፋይሎችሽን ገልብጪ።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ «ኩድ ኖት ጌት ሎክ» ይላል። ኢንተርኔት ላይ የሎክ ፋይሉን አጥፋው የሚል አገኘሁ፤ ላጥፋው?

መልስ፦ አታጥፋው። መቆለፊያው ፋይሉ ራሱ አይደለም፤ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) በተከፈተው ፋይል ላይ የሚይዘው ነው። ፋይሉን ስታጠፋ ሁለት ፕሮግራሞች የፓኬጁን መዝገብ በአንድ ጊዜ ይጽፉበታል። መልእክቱ የያዘውን ፕሮሰስ ቁጥርና ስም ይነግርሃል፤ ብዙውን ጊዜ «አንአተንደድ-አፕግሬድስ» ነው፣ ከጀርባ ሆኖ የደኅንነት ማስተካከያ እየጫነ ነው። ቡና ጠጥተህ ተመለስ። በእርግጥ ተቀርቅሮ ከሆነ «ሱዶ ኪል» ብለህ ቁጥሩን ስጥና ከላይ ባለው «--ኮንፊገር -ኤ» አስተካክል።

ጥያቄ (ደሴ፣ ፒያሳ)፦ ከስልኬ ሆትስፖት ሳገናኘው ምንም ሳልከፍት ጥቅሉ ያልቃል።

መልስ፦ ኡቡንቱ ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ስናፕን፣ ከአፕት ሌላ ያለውን የኡቡንቱ የፕሮግራም መጫኛ፣ ነው። ስናፕ በቀን አራት ጊዜ አዲስ ነገር አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ካገኘም ሳይነግርሽ ያወርዳል፤ ፋየርፎክስም ኡቡንቱ ላይ በስናፕ ነው የሚመጣው። «ሱዶ ስናፕ ሪፍሬሽ --ሆልድ» ካልሽው አንቺ «ሱዶ ስናፕ ሪፍሬሽ» እስክትይ ራሱ አያወርድም። ከዚያ የሶፍትዌርና አፕዴት መስኮቱን ክፈቺና አውቶማቲክ ፍተሻውን «ኔቨር» ላይ አድርጊ። ይህን ያደረገ ሰው ግን በሳምንት አንድ ቀን፣ ሰፊ ኔት ያለበት ቦታ ሲገኝ፣ በእጁ አፕዴት ማድረግ አለበት፤ ብሮውዘር ሳይታደስ ለወራት መቆየት የለበትም። ሊኑክስ ሚንት ከ2020 ጀምሮ ስናፕን ዘግቶ ስለሚመጣ ይህ ችግር የለበትም። በቆጠራ ዳታ ለሚኖር ሰው ሚንትን የምመክርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ጥያቄ (ደሴ፣ ሆጤ)፦ የይለፍ ቃሌን አስገባለሁ፣ ብልጭ ይልና እዚያው የመግቢያ ስክሪን ላይ ይመልሰኛል። ቃሉ ትክክል ነው።

መልስ፦ ዲስክህ ሞልቶ ይሆናል። ዴስክቶፑ ሲከፈት የሚጽፋቸው ትንንሽ ፋይሎች ቦታ ሲያጡ ተዘግቶ ይመለሳል። ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ3ን አንድ ላይ ተጫን፤ በጽሑፍ ስክሪን ግባና «ዲኤፍ -ኤች» በል። የስላሽ ምልክት ብቻ ያለበት መስመር 100% ካለ ይኸው ነው።

ቶሎ ቦታ የሚለቁት እነዚህ ናቸው፤ «ሱዶ አፕት ክሊን» የወረዱ ፓኬጆችን ይጠርጋል፣ «ሱዶ ጆርናልሲቲኤል --ቫኪዩም-ሳይዝ=200ኤም» (ኤሟ በትልቅ ፊደል) የሎጉን ክምር ወደ 200 ሜጋባይት ያወርዳል። በዴስክቶፕ ያጠፋኸው ፊልም ደግሞ አልጠፋም፤ ሆም ፎልደርህ ውስጥ .ሎካል/ሼር/ትራሽ (የትራሽ መጀመሪያ ትልቅ ፊደል ነው) ላይ ተኝቷል።

የሞላው /ቡት ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ አሮጌ ከርነሎች ናቸው። «ሱዶ አፕት አውቶሪሙቭ --ፐርጅ» ያነሳቸዋል። በእጅህ ፋይል መርጠህ አታጥፋ፤ አፕት እንዳሉ እየቆጠራቸው ይቀጥላልና ቀጣዩ አፕዴት ላይ ይጋጫል። የምትሠራበትን ከርነል «ዩኔም -አር» ይነግርሃል፤ እሱንና ከእሱ በፊት ያለውን አንድ ተው። ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ላይ ይታያል።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ከትናንቱ አፕዴት በኋላ ዋይፋዩ ጠፋ፤ ምልክቱም የለም።

መልስ፦ አዲስ ከርነል ገብቷል፣ የዋይፋይህ ድራይቨር ደግሞ ለእሱ አልተገነባም። ብሮድኮም ካርድ ባላቸው ላፕቶፖች ላይ የተለመደ ነው። ግራብ ላይ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ገብተህ በፊት የነበረውን ከርነል ምረጥ። ዋይፋዩ ከተመለሰ ምክንያቱ ታወቀ። ከዚያ ስልክህን በኬብል ሰክተህ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ አብራ፤ ሊኑክስ ያለ ምንም ድራይቨር እንደ ገመድ ኔት ይቀበለዋል። በሱ ኔት ለአዲሱ ከርነል የሚሆነውን «ሊኑክስ-ሄደርስ» ፓኬጅ ጫን፤ ዲኬኤምኤስ ድራይቨሩን መልሶ ይገነባል። ሴኪዩር ቡት የበራ ከሆነ ድራይቨሩ ተገንብቶም ቁልፉ ካልተመዘገበ አይጫንም። ይህን ሁሉ ሳትነካ ግን «አርኤፍኪል ሊስት» በል፤ «ሃርድ ብሎክድ፦ የስ» ካለህ የላፕቶፑ የዋይፋይ ቁልፍ ተነክቶ ነው እንጂ ከርነሉ ምንም አላደረገም።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ፣ ቢሮ)፦ የመሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር ኢንተርኔት የለውም። ደሴ ላይ አውርጄ በፍላሽ ባመጣው ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል። ግን አንድ የ.ዴብ ፋይል ብቻ ይዘህ ብትመጣ የሚፈልጋቸው ሌሎች ፓኬጆች ስለማይኖሩ እዚያው ትቆማለህ። ሌላ ማሽን ላይ የወረደውንም መገልበጥ አይበቃም፤ ያ ማሽን ድሮውኑ የነበሩትን አያወርድምና። ለዚህ የተሠራው «አፕት-ኦፍላይን» ነው። ቢሮው ማሽን ላይ፣ ከሚፈልጋቸው ትንንሽ ፓኬጆች ጋር፣ አንድ ጊዜ ይጫናል። ከዚያ፦

ቢሮ፦ ሱዶ አፕት-ኦፍላይን ሴት ሀ.ሲግ --አፕዴት
ኔት ያለበት፦ አፕት-ኦፍላይን ጌት ሀ.ሲግ --በንድል ሀ.ዚፕ
ቢሮ፦ ሱዶ አፕት-ኦፍላይን ኢንስቶል ሀ.ዚፕ

ይህ ዝርዝሩን ብቻ ያድሳል። ሶፍትዌሩን ለማምጣት የመጀመሪያውን መስመር በ«--ኢንስቶል-ፓኬጅስ» እና በፓኬጁ ስም ለውጠህ ዙሩን ትደግማለህ፤ ሲመለስ ዚፑን ከሰጠኸው በኋላ በተለመደው «ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ይጫናል። የሐረጎን ዳገት ሁለቴ መውጣትና መውረድ አሰልቺ ስለሆነ በሁለተኛው ዙር የምትፈልጋቸውን ሁሉ አንድ ላይ ዘርዝር። «ሀ» ያልኩት ለፋይሉ የምትሰጠው ስም ነው። ፍላሹ ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም።

ጥያቄ (ደሴ፣ ጡረተኛ ነኝ)፦ ልጄ ኡቡንቱን ከዊንዶውስ ጎን ጫነልኝ። ዊንዶውስ ሲከፈት ሰዓቱ ይዛባል፤ የዊንዶውሱ ዲስክም ከኡቡንቱ ሲከፈት መጻፍ አይቻልም።

መልስ፦ አባቴ፣ ሰዓቱ የሚዛባው በ3 ሰዓት ከሆነ የማሽኑ ጤና ደኅና ነው። ሊኑክስ ቦርዱ ላይ ያለውን ሰዓት በዓለም አቀፍ ሰዓት ይይዘዋል፣ ዊንዶውስ ደግሞ የአገር ውስጥ አድርጎ ያነበዋል፤ የእኛ ልዩነት 3 ሰዓት ነው። «ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ሎካል-አርቲሲ 1» ብለው ያስማሟቸው። ቀኑ በዓመታት ወደ ኋላ የሚሄድ ከሆነ ግን የቦርዱ ባትሪ አልቋል፤ ሲአር2032 የሚባለው የሳንቲም ቅርጽ ያለው ባለ 3 ቮልት ነው። ባትሪው ሲሞት አፕትም «ኖት ቫሊድ የት» እያለ፣ ብሮውዘሩም ሰርተፍኬት እየጠላ ያስቸግራል፤ ሰው ግን ኔቱን ነው የሚወቅሰው።

ዲስኩን በተመለከተ ዊንዶውስ «ሸት ዳውን» ሲሉት በሙሉ አይዘጋም፣ ግማሹን ያስተኛል። ሊኑክስ ያን አይቶ ፋይል እንዳይበላሽ ለንባብ ብቻ ይከፍተዋል። ዊንዶውስ ላይ የትዕዛዝ መስኮቱን በአድሚን ከፍተው «ፓወርሲኤፍጂ /ኤች ኦፍ» ይበሉና በደንብ ዘግተው ይመለሱ።

ጥያቄ (ደሴ)፦ አማርኛ እንዴት ልጻፍ? አሮጌ ሰነዶቼስ ለምን ዝብርቅርቅ ሆኑ?

መልስ፦ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል አይባስ-ኤም17ኤን ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ» ብለሽ ወጥተሽ ግቢ፤ በኪቦርድ ሴቲንግ ውስጥ አማርኛን ሴራ (በላቲን ፊደል ሲጻፍ ወደ ፊደላችን የሚቀይረው) ከሚለው ጋር ጨምሪ። ባዶ ሳጥን የሚታይሽ ፎንት ስለሌለ ነው፣ አቢሲኒካ ይፈታዋል። የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ከሆነ ግን ሰነዱ ከዩኒኮድ በፊት በነበረ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ነው። ያንን ፎንት .ሎካል/ሼር/ፎንትስ ውስጥ ብታስገቢው ታነቢዋለሽ፤ ፍለጋና ኮፒ ግን የሚሠራልሽ ወደ ዩኒኮድ ከተቀየረ ብቻ ነው።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ 2 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ አለኝ፤ ምን ልጫንበት?

መልስ፦ «ኤልኤስሲፒዩ» በልና ባለ 64 ቢት መሆኑን እይ። ከሆነ ሉቡንቱ (ቀለል ያለው የኡቡንቱ ዓይነት)፤ ባለ 32 ብቻ ከሆነ ዴቢያን 12 ኤልኤክስኪውት ከሚባለው ቀላል ዴስክቶፕ ጋር፤ ዴቢያን 13 ለባለ 32 ቢት የመጫኛ ፋይል አላወጣም። ከገንዘብህ መጀመሪያ ኤስኤስዲ ግዛበት፣ ራሙ ቀጥሎ ይምጣ።