ሻሹን ገለጥ አድርጉ

ዘንድሮ ዋርድ ለምትገቡ ልጆቼ፣

ስለ ሰባተኛው ነርቭ፣ ስለ ፊት ነርቭ ልጽፍላችሁ ነው። አምስቱን ቅርንጫፎች ሸምድዳችኋል፣ አውቃለሁ። እኔም ሸምድጄ ነበር።

ወጣት ሐኪም ሳለሁ አንዲት እናት ፊታቸው ተጣሞ መጡ። ልጃቸው «ብርድ መትቷቸው ነው» አለኝ። ወረፋው ረጅም ነበር። ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ አየኋቸው። አፋቸው ወደ ግራ ተስቧል፣ ቀኝ ዓይናቸው አልከደን ብሏል። አፍ የሚሳበው ወደ ጤነኛው ጎን ስለሆነ የታመመው ቀኙ ነው። ቤልስ ፓልሲ፣ ማለትም ምክንያቱ በውል ያልታወቀ የፊት ነርቭ መድከም ነው ብዬ እብጠት የሚቀንሰውን ፕሬድኒሶሎን ጻፍኩላቸው። «ጆሮዬንም ያቃጥለኛል» ሲሉኝ «ይተውዎታል» አልኳቸው።

በአራተኛው ቀን ብሶባቸው ተመለሱ። ነርሷ ሻሻቸውን ገለጥ ስታደርግ ጆሯቸው ውስጥ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ አየን። አልማዝ ባለጭራ ነው። የቫይረሱን መድኃኒት፣ አሲክሎቪርን፣ መጀመሪያ የመጡ ዕለት መጀመር ነበረብኝ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሻሽ ግንባርንም ጆሮንም ይሸፍናል። ይህን ነርቭ ስትመረምሩ ደግሞ አጥብቃችሁ ማየት ያለባችሁ ሁለቱን ነው።

«ቅንድብዎን ወደ ላይ ያንሱ» በሏቸው። ግንባር ትዕዛዝ የሚቀበለው ከግራም ከቀኝም አንጎል ነው። ስለዚህ ስትሮክ አንዱን ጎን ሲመታ አፍ ይወድቃል፣ ግንባር ግን አብዛኛውን ጊዜ ይሸበሸባል። ነርቩ ራሱ ሲጎዳ ግንባሩም ለጥ ይላል። ግንባሩ እየተሸበሸበ አፉ በድንገት የወደቀ ሰው ካያችሁ ሩጡ። ግን ግንባሩ አልንቀሳቀስ ስላለም አትዘናጉ። የአንጎል ግንድ ስትሮክ ግንባርንም ሊይዝ ይችላል። እጅና እግሩን፣ ንግግሩን፣ አረማመዱን ሳታዩ አትሸኙት።

ወደ ጆሮ ስንመጣ፣ ነርቩ በጆሮ አጥንት ውስጥ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ በጠባብ ቦይ ይጓዛል። ሲያብጥ የሚሸሽበት ቦታ የለውም። እዚያው መንገድ ላይ የመሃል ጆሮዋን ትንሽ ጡንቻና የምላስን ፊተኛ ሁለት ሦስተኛ የሚያገለግሉ ቅርንጫፎች ይወጡለታል። በሽተኛው «ድምፅ ይጮህብኛል» ወይም «የወጡ ጣዕም ጠፋብኝ» ሲል የጉዳቱን ቦታ እየነገራችሁ ነው። ምላሱን አስወጡትና በአንዱ ጎን ስኳር አስነኩት። ምላሱን ሳይመልስ በምልክት ይንገራችሁ።

«ጥርስዎን ያሳዩኝ» ስትሏቸው ብዙ እናቶች አፍረው አፋቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። መጀመሪያ እናንተ አድርጋችሁ አሳዩዋቸው። ጉንጭ መንፋቱንም አብራችኋቸው ንፉ። ዓይናቸውን አጥብቀው ሲጨፍኑ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ለመክፈት ሞክሩ። ደካማው ጎን ወዲያው ይለያል።

ዓይኑን አደራ! የማይከደን ዓይን ይደርቃል፣ ብሌኑም ይቆስላል። ቀን ጠብታ፣ ማታ ቅባት፣ ሲተኙ በፕላስተር መክደን። ይህን ለቤተሰቡ እያሳያችሁ አስረዱ። ፕሬድኒሶሎን ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው። «ብርድ ነው» ሲሏችሁ አትገላምጡ። ተቆጥተው ከሄዱ ያ ሰዓት ያልፋል።

እኚያ እናት ለክትትል ስድስት ወር ተመላለሱ። ዓይናቸው መከደን ጀመረ፣ ፈገግታቸው ግን ሙሉ ለሙሉ አልተመለሰም። በመጨረሻው ቀጠሮ ገና ሳይቀመጡ ሻሻቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉና ሁለቱንም ቅንድብ አነሱልኝ።