መልስ፦ የባቲክ ቁርጥራጮቼ ጥግ አልገጥም አለኝ

እህቴ፣ ከኮምቦልቻ የጻፍሽውን አየሁት። ከባቲክ (በሰም እየተከለለ ቀለም ከተነከረ ጨርቅ) ለምትሰፊው አልጋ ልብስ ሦስት ማዕዘኖቹን ስታጋጥሚ ጫፋቸው አልገናኝ ብሎሻል፤ ልዩ መከርከሚያ ማስመሪያ የግድ ነው ወይ ብለሻል።

ማስመሪያው ጥሩ ነው፤ ዋናው ነገር ግን አስፍቶ ቆርጦ ኋላ መከርከም ነው። ከሁለት ሦስት ማዕዘን ለሚገጠም፣ አልቆ 10 ሴንቲ ለሚሆን ካሬ ሁለቱንም ጨርቅ 13 በ13 ሴንቲ ቁረጪ። ደርቢያቸው፣ ከጥግ እስከ ጥግ አስምሪ፣ ከመስመሩ ግራና ቀኝ 0.6 ሴንቲ ርቀሽ ስፊ። ከዚያ መስመሩን ቁረጪው፤ ሁለት ካሬ ይወጣልሻል። ካሬዎቹን ዘርግተሽ ስትተኩሺ ካውያውን ጫን አድርገሽ አንሺ እንጂ አትጎትቺው። ሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ይለጠጣል፤ ጥጉን የሚያበላሸውም በአብዛኛው እሱ ነው።

አሁን ካሬውን ወደ 11.2 ሴንቲ ከርክሚ፤ ከ10 የተረፈው በየጎኑ 0.6 ለስፌት ነው። ማስመሪያ ካጣሽ ደሴ ማስታወቂያ ከሚሠሩት ዘንድ ጠንካራ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ በዚሁ ልክ አስቆርጪ። ከጥግ እስከ ጥግ በመርፌ ጫሪበት። ጭረቱን ልክ ስፌቱ ላይ አሳርፈሽ ዙሪያውን መቁረጥ ብቻ ነው። እኔ ከተገዛው እኩል እወደዋለሁ!

ባቲኩን ሳትቆርጪ በፊት ደማቁን ለብቻ እጠቢ፣ ቀለም ይለቃል። ሽመናው ጥቅጥቅ ስላለ የስፌት ማሽን መርፌሽ ቀጭን ይሁን፤ 70 ወይም 80 ቁጥር ይበቃል።