ብርቱካን የማን ቃል ነው?

ጤና ይስጥልኝ፣

የምኖረው ጀርመን፣ ሃምቡርግ ነው። ባለቤቴ ግሪካዊ ነው። ለፋሲካ አማቴ ከተሰሎንቄ መጥተው ነበር። ቁርስ ላይ ልጄን "ብርቱካን ልላጥልሽ?" ስላት ሰሙና ሳቁ። "ፖርቶካሊ! ይሄማ የእኛ ቃል ነው፤ ከእኛ ነው የወሰዳችሁት" አሉ። ጨዋታ ነው ብዬ አለፍኩት። እሳቸው ግን አሁንም ስልክ በደወሉ ቁጥር ያነሱታል። ባለቤቴ "ምን ቸገረሽ፣ እሺ በያቸው" ይላል። እኔን ግን ከነከነኝ። ልጄ ደግሞ ከመዋዕለ ሕፃናት "አፕፈልዚነ ነው የሚባለው" እያለች ትመጣለች። እውነት ቃሉን ያገኘነው ከግሪክ ነው? ካልሆነስ አማቴን ሳላስቀይም ምን ልበላቸው?

ግራ የገባት፣ ከሃምቡርግ

መልስ

እህቴ፣ ዝምድናውን አማትሽ አልሳቱም። ግን ፖርቶካሊ የብርቱካን እናት አይደለም፤ እህትማማቾች ናቸው። የሁለቱም ምንጭ ፖርቱጋል ነው፤ አዎ፣ አገሩ ራሱ!

አውሮፓ መጀመሪያ የሚያውቀው መራራውን ብርቱካን ነበር። ወደ ሲሲሊና ስፔን ያስገቡት አረቦች ናቸው፤ "ናራንጅ" ይሉታል። ስሙን ያገኙት ከፋርስ፣ ፋርስም ከህንድ ነው። ስፔኖች "ናራንሃ"፣ ሃንጋሪዎች "ናራንች" ብለው ያዙት። ጣሊያኖች ጋ ሲደርስ የፊቷ "ና" "አንድ" ከሚለው ቃላቸው ጋር ተምታታችና "አራንቻ" ቀረ። አስመራ ላይ "ኣራንሺ" የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። የፈረንሳዩና የእንግሊዙ "ኦራንዥ" እና "ኦሬንጅ"ም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

ጣፋጩ በኋላ መጣ። በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዘመን የፖርቱጋል ነጋዴዎች እያመጡ ሲሸጡት፣ ገዢው በሻጩ አገር ስም ጠራው። ቡልጋሪያ "ፖርቶካል"፣ ቱርክ "ፖርታካል"፣ አረቡ "ቡርቱቃል" አለ። የእኛ የመጣው በአረብኛ በኩል ነው፤ መንገድ ላይ "ል" ወደ "ን" ተለወጠችና ብርቱካን ሆነ። አማትሽ ጋ የደረሰው ደግሞ በጣሊያን በኩል ነው። ናፖሊ ዛሬም "ፑርቱዋሎ" ይላሉ።

የልጅሽም ልክ ነው። አፕፈልዚነ ማለት "የቻይና ፖም" ነው። ሰሜን ጀርመን ስላላችሁ ነው እንጂ ደቡብ ብትሆኑ "ኦራንዠ" እያለች ትመጣ ነበር። ሆላንዶችና ሩሲያዎችም ቻይናን ነው የሚጠሩት።

አሁን ወደ አማትሽ። ክርክሩን ተዪውና ስለ "ኔራንጂ" ጠይቂያቸው። አቴንስ መንገድ ዳር የተተከለው መራራው ብርቱካን ነው። የግሪክ እናቶች ልጣጩን ጠቅልለው በክር ይሰኩታል፣ ምሬቱ እንዲወጣ ውሃ እየቀያየሩ ይቀቅሉታል፣ ከዚያ በስኳር አብስለው በትንሽ ሳህን፣ በማንኪያ ለእንግዳ ያቀርቡታል። አሠራሩን ያሳዩሽ፤ ደስ ይላቸዋል። እግረ መንገድሽን "ኔራንጂና ናራንጅ አይመሳሰሉም እንዴ?" በያቸው። የቀረውን ራሳቸው ይጨርሱታል። በዚህም ካልበረዱ ባለቤትሽ ይግባበት፤ እናቱ አይደሉ?

ለልጅሽ ሦስቱንም ስም አስተምሪያት። ፖርቱጋላዊ ጎረቤት ካላችሁ ግን "ብርቱካን" ብትለው አይገባውም፤ እነሱ "ላራንዣ" ነው የሚሉት።