ከስር የሚሄደውን ውሃ እዩ

ልጆች፣ ደሴ ቁጭ ብሎ ስለ አንታርክቲካ በረዶ ማውራት ምን ይሠራል የምትሉኝ አላችሁ። ይሠራል። ኮምቦልቻን የሚያቋርጠው ከባድ መኪና ዕቃውን የሚያመጣው ከጅቡቲ ወደብ ነው፤ ባሕሩ ከፍ ካለ ጣጣው እኛም ዘንድ ይደርሳል።

ዕድሜዬ ያለቀው በመንገድና በድጋፍ ግንብ ሥራ ነው። ጦሳ ተራራ ስር ያደገ ሰው ግንብ ሲናድ ያውቃል። ክረምት ላይ ፊት ለፊት ስታዩት ደህና የሚመስል ግንብ፣ ጎንበስ ብላችሁ እግሩን ስታዩ ጎርፉ ቦርቡሮት እጅ የሚያስገባ ክፍተት ታገኛላችሁ፤ ከዚያ ከጀርባው ያለው አፈር ሁሉ ይመጣል።

አንታርክቲካም እንዲሁ ነው። የየብሱ በረዶ ቀስ እያለ ወደ ባሕር ይወርድና ጫፉ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ከኋላ ያለውን የበረዶ ግግር ገትሮ የሚይዘው ይህ ተንሳፋፊ ንጣፍ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፦ ንጣፉ ቀድሞውኑ ውሃ ላይ ስለሆነ መቅለጡ ብቻውን ባሕሩን ያን ያህል አያነሳውም። የሚያስፈራው ከኋላው የሚለቀቀው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ላርሰን ቢ የተባለው ንጣፍ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ተሰባበረ። እሱን በዋናነት የጎዳው ላዩ ላይ የቀለጠው ውሃ ነበር፤ ግን ንጣፉ ሲሄድ ከኋላው ያሉት ግግሮች መፍጠናቸው በግልጽ ታየ።

በምዕራብ አንታርክቲካ ጠረፍ ባለው አሙንድሰን ባሕር ላይ ደግሞ ጥቃቱ ከስር ነው። ሞቅ ያለው ውሃ ጨው ስለሚበዛበት ይከብዳል፣ ከቀዝቃዛው ስር ሆኖ በባሕሩ ወለል ሸለቆዎች በኩል ንጣፉ ስር ይገባል። ከዜሮ በላይ 1 ዲግሪ ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል አይደል? እዚያ ጥልቀት ላይ ግን በረዶው ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ላይ እንኳ ይቀልጣል። እዚያው ያለው ትዌይትስ የሚባለው ግግር ብቻውን ሙሉ በሙሉ ቢያልቅ የዓለምን ባሕር 65 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያደርጋል፤ ግግሩ የተቀመጠበት ወለልም ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር እየጠለቀ ይሄዳል፣ ይሄ እኔን እንደ መሐንዲስ በጣም ያሳስበኛል።

ተመራማሪዎች የትዌይትስን በረዶ በሙቅ ውሃ በስተው አይስፊን የተባለ ሮቦት ስሩ ሰደዱ። በ2023 የወጣው ውጤት ግምቱን አስተካከለው፦ ጠፍጣፋው ስፍራ ከተጠበቀው ያነሰ ይቀልጣል፣ ስንጥቁና ደረጃ የሠራው ግድግዳ ግን በፍጥነት ይበላል። ወርዶ ማየት እንዲህ ነው የሚጠቅመው።

በዚያው ዓመት የወጣ የብሪታንያ ጥናት ደግሞ፣ ምድርን የሚያሞቀው የጋዝ ልቀት ቢቀነስም የአሙንድሰን ባሕር በዚህ ክፍለ ዘመን ካለፈው በሦስት እጥፍ ፍጥነት እንደሚሞቅ አሳየ። ይህን ሰምታችሁ «በቃ አለቀ» አትበሉ። ሮስንና ሮንን የመሰሉት ግዙፍ ንጣፎች ስር ያለው ውሃ አሁንም በአብዛኛው ቀዝቃዛ ነው፤ እንደዚያ መቆየቱ ላይ የልቀቱ መጠን ትልቅ ድርሻ አለው።

እናንተ ደሴም ኮምቦልቻም ኢንጂነሪንግ የምትማሩ፣ የፈሳሽ ሜካኒክስን ለፈተና ብቻ አትሸምድዱት። የሴንቲኔል ሳተላይት ምስል በነፃ ይገኛል። የትዌይትስን ጫፍ የተለያየ ዓመት ምስል አውርዱና የት እንደደረሰ ራሳችሁ ለኩ።