ልጄ የጀርመን ዲፕሎማት እንድትሆን ሕግ ትማር ወይ?

ሰላም እኅቴ። «ልጄ አቢቱር (የጀርመን የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና) ጨርሳለች፤ የጀርመን ዲፕሎማት መሆን ትፈልጋለች። መጀመሪያ ሕግ ተማሪ የሚሏት ሰዎች እውነት አላቸው?» ብለው ጠይቀዋል። እዚሁ ጀርመን ሕግ ተምሬ፣ ከሁለተኛው የመንግሥት ፈተና (የጀርመን ሕግ ተማሪ ሁለት እንዲህ ያሉ ፈተናዎች አሉበት) በፊት ያለውን የሥራ ልምምድ ከፊሉን በአንድ የጀርመን ኤምባሲ ስላሳለፍኩ የማውቀውን ልንገርዎ።

ሕግ ብቻውን በሩን አይከፍትላትም። በቀድሞው ዘመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን የሞሉት ሕግ አዋቂዎች ነበሩ፤ ዛሬ ግን ታሪክም ሆነ ኢኮኖሚ ያጠና፣ ማስተርስ ካለው ይወዳደራል። የጀርመን ዜግነት፣ ጥሩ እንግሊዝኛና ሌላ የውጭ ቋንቋ ግን ግዴታ ናቸው።

የጀርመኑን ዲፕሎማት ቮልፍጋንግ ኢሺንገርን ይመልከቱ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በቦንና በጄኔቫ ሕግ አጥንተው በ1972 የመጀመሪያውን የመንግሥት ፈተና አለፉ። ከዚያ አሜሪካ ተምረው፣ ኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ቢሮ ሠርተው፣ ሚኒስቴሩን የተቀላቀሉት በ1975 ነው። በ1989 ፕራግ የሚገኘው የምዕራብ ጀርመን ኤምባሲ ግቢ በሺዎች በሚቆጠሩ የምሥራቅ ጀርመን ስደተኞች ተጨናንቆ ነበር። እንዲወጡ ሲፈቀድ ባቡሮቹ የግድ ሸሽተው በመጡበት በምሥራቅ ጀርመን ምድር ማለፍ ነበረባቸው። ሰዎቹ «መልሰው ሊያስሩን ነው» ብለው ሲፈሩ፣ አብረዋቸው ከተሳፈሩት የምዕራብ ጀርመን መንግሥት ባለሥልጣናት አንዱ ኢሺንገር ነበሩ። ለዚያ ሌሊት የሚሆን አንቀጽ የትኛውም የሕግ መጽሐፍ ውስጥ ያለ አይመስለኝም! ኋላ በ1995 አሜሪካ ዴይተን ከተማ በተካሄደው የቦስኒያ የሰላም ድርድር የጀርመንን ልዑክ መሩ፤ ከ2001 እስከ 2006 በዋሽንግተን፣ ከዚያም በለንደን አምባሳደር ሆኑ።

ታዲያ ሕጉ ምን ይጠቅማል? በኤምባሲው የታሰረ ጀርመናዊ ፋይል ሲመጣ አለቃዬ ከሁሉ አስቀድመው «ለእኛ የተነገረን መቼ ነው?» ይሉኝ ነበር። የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ስምምነት አንቀጽ 36 የታሰረ የውጭ ዜጋ ቆንስላውን የማግኘት መብት እንዳለው ሳይዘገይ እንዲነገረው ያዝዛል። አሪዞና ይህን ሳታደርግ ሁለት ጀርመናውያን ወንድማማቾችን በ1999 በሞት ቀጣች፤ ጀርመን አሜሪካን ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሰች፤ በ2001ም ተፈረደላት። ቀንና ሰዓት የመቁጠር ልማድ የሚገኘው ከሕግ ትምህርት ነው።

ግን መንገዱ ረጅም ነው። በመንግሥት ፈተናው እያንዳንዱ የጽሑፍ ፈተና አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ ውጤቱ ከ18 ነው፤ 9 ያገኘ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። አታሼ (ጀማሪ ሠልጣኝ ዲፕሎማት) ሆነው የሚመረጡት ደግሞ ጥቂት ናቸው። ስለዚህ አንድ ነገር ይጠይቋት፦ አምባሳደርነቱ ባይሳካ ዳኛ ወይም ጠበቃ ሆና ደስ ይላታል? ደስ ካላት ሕግ ትግባ፤ ካላላት ኢኮኖሚና ፈረንሳይኛ ይሻላታል።

ዜግነቷ ገና ከሆነ ከዚያ ይጀምሩ። ጀርመን ከጁን 2024 ወዲህ የቀድሞ ዜግነትሽን ተዪ አትልም፤ የኢትዮጵያ ሕግ ግን ጥምር ዜግነትን ስለማይቀበል በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ መኖሯ አይቀርም። ይህን ከወዲሁ በቤተሰብ ተነጋገሩበት።