የባንዱ መጠን ለምን ከአይተሙ ይነበባል?

በፓይስታክ (የሳተላይት ምስሎችን መረጃ በካታሎግ የሚያደራጅ የፓይተን ላይብረሪ) የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስል ካታሎግ ሲያዘጋጁ የገጠመዎትን ችግር በጥሞና አንብቤዋለሁ። ቢ11 የተባለው ባንድ (በአንድ የብርሃን ክልል የተነሣ ምስል) ፒክስሉ 20 ሜትር ስለሆነ መጠኑ 5490 በ5490 መሆን ሲገባው፣ በፕሮጀክሽን ኤክስቴንሽን (የምስሉን መጠንና አቀማመጥ በሚመዘግበው ተጨማሪ ክፍል) በኩል ሲጠየቅ 10980 በ10980 ይመልሳል፤ የአሴቱ፣ ማለትም የባንዱ ፋይል መዝገብ፣ ኤክስትራ ፊልድስ (የራሱ ተጨማሪ መረጃ የሚጻፍበት ቦታ) ሲከፈት ግን ባዶ ነው። ላይብረሪው አልተሳሳተም፤ ቁጥሩ የመጣው ከአይተሙ፣ ማለትም ባንዶቹን ሁሉ ከያዘው የምስሉ መዝገብ ነው።

የአሴት ባሕርይ ሲነበብና ሲጻፍ የሚሄድበት መንገድ አንድ አይደለም። ሲነበብ ኤክስቴንሽኑ በመጀመሪያ የአሴቱን ኤክስትራ ፊልድስ ይፈትሻል፤ እዚያ ካጣው አሴቱ ወደተያያዘበት አይተም ሄዶ ከፕሮፐርቲሱ (ከአይተሙ የጋራ መረጃ) ያነባል። ሲጻፍ ግን በአሴቱ ላይ ብቻ ይቀመጣል እንጂ ወደ አይተሙም ሆነ ወደ ሌሎቹ ባንዶች አይሻገርም። እርስዎ የ10 ሜትሩን ባንድ መጠን በአይተሙ ላይ ስለጻፉት፣ የራሱ መጠን ያልተጻፈለት ባንድ ሁሉ ያንኑ ወረሰ። ጉዳቱ ቀላል አይደለም፤ ፋይሉን ሳይከፍት በካታሎጉ ተማምኖ የሚሠራ ፕሮግራም ቢ11 በእውነት ካለው ፒክስል 4 እጥፍ ይጠብቃል።

አሴቱን ገና እንደፈጠሩት ሲፈትሹት መጠኑ ኖን (ዋጋ የለም) የነበረው፣ በአድ አሴት ትእዛዝ ከአይተሙ ጋር እስኪያያዝ ድረስ ባለቤት ስላልነበረው ነው። በኋላ ውርሱን ለማስቀረት ለሼፕ (መጠኑ ለሚጻፍበት ቁልፍ) ኖን መስጠትዎም ያልሠራው ከላይ ባልኩት የንባብ መንገድ ምክንያት ነው፤ ኖን ሲሰጠው ቁልፉ ከአሴቱ ይሰረዛል፣ ቁልፉ ከሌለ ደግሞ ንባቡ እንደገና ወደ አይተሙ ይሄዳል። ይህ ብዙ ሰው ሰዓታት የሚያጠፋበት ቦታ ስለሆነ ልብ ይበሉት።

እኔ የምመክርዎ በአይተሙ ላይ ለሁሉም ባንዶች እኩል እውነት የሆነውን ብቻ፣ ለምሳሌ የፕሮጀክሽኑን ኮድ (የካርታ ትንበያውን መለያ)፣ እንዲተዉና ሼፕንና ትራንስፎርምን (ፒክስሎችን ከምድር ላይ ቦታቸው ጋር የሚያገናኙትን ቁጥሮች) ከዚያ አጥፍተው በየባንዱ እንዲጽፉ ነው። ለ10 ሜትሮቹ 10980፣ ለ20ዎቹ 5490፣ ለ60ዎቹ 1830 ይሆናል። አሴቱን አስቀድመው ከአይተሙ ጋር ያያይዙት፤ ባለቤት በሌለው አሴት ላይ ኤክስቴንሽኑን ለመጨመር ከሞከሩ ስሕተት ይመልሳል። ጽፈው ሲጨርሱ በኤክስቴንሽኑ በኩል አይፈትሹ፤ የተወረሰውን ከራሱ ለይቶ አያሳይዎትምና በቀጥታ የእያንዳንዱን አሴት ኤክስትራ ፊልድስ ከፍተው ቁልፉ መኖሩን ይመልከቱ።