ከክሮሙ ሥር ምን አለ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የድሮ መኪና ስፖኪዮና የክሮም ጌጥ

ጥያቄ፦ የመኪናዬ ፓራውልት ላይ ቡናማ የዝገት ነጠብጣብ ወጥቷል። ስፖኪዮዎቹ ላይ ግን ዝገት አይታይም፤ ክሮሙ ነጭ ነጭ ሆኖ አብጧል። ሁለቱንም በአንድ ነገር ማጽዳት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም፤ ችግራቸው የተለያየ ነው። ክሮም ራሱ አይዝግም። ለጌጥ የሚነከረው (በኤሌክትሪክ ገንዳ ውስጥ የሚለበጠው) ክሮም ግን እጅግ ስስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ ግማሽ) እንኳ አይሞላም። የታችኛውን አካል በዋናነት የሚጠብቀው ከክሮሙ ሥር ያለው ኒኬል ነው። ኒኬሉ በጠጠር ሲመታ ወይም ገና ሲነከር ቀጥኖ ከነበረ እርጥበት ሰርጎ ይገባል። ከሥር ያለው ብረት ከሆነ ቡናማ ዝገት ይወጣል። የድሮ ስፖኪዮ እግርና የበር እጀታ ግን ብዙውን ጊዜ ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ የዚንክ ቅልቅል የተሠራ ነው። ዚንክ ሲበላ ነጭ ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄቱ ከዚንኩ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ክሮሙን ከታች ገፍቶ ያሳብጠዋል።

ብረትና ዚንክን በማግኔት መለየት ጥሩ ጅምር ነው፤ ብረት ማግኔት ይይዛል፣ ዚንክ አይይዝም። ብቻውን ግን ያሳስታል። አንዳንድ ስቴንለስ (የማይዝግ ብረት) ማግኔት ይይዛል፤ በዚንክ ላይ የተነከረ ወፍራም ኒኬልም በትንሹ ይስባል። ስለዚህ ዕቃውን ፈትተው ጀርባውን ይዩ። ዚንክ ከሆነ የማፍሰሻው ቅርጽ ግማሾች የተገጣጠሙበት መስመር ይታያል፤ ጥግ ላይ በጥቂቱ ፋቅ ሲያደርጉትም ወደ ግራጫ የሚያደላ ለስላሳ ማዕድን ያገኛሉ።

ፓራውልቱን መጀመሪያ አሸዋ እስከማይቀርበት ድረስ በሳሙና ይጠቡት። የምግብ መጠቅለያ አልሙኒየም ጨብጠው ውኃ ውስጥ ነክረው በስሱ ይሹት። አልሙኒየም ከክሮም እጅግ ስለሚለሰልስ ክሮሙን ሳይጭር ዝገቱን ያነሳል። እልኸኛ ቦታ ካለ 50 ግራም ሲትሪክ አሲድ በ1 ሊትር ውኃ በጥብጠው ጨርቅ ነክረው ያልብሱት፤ በየግማሽ ሰዓቱ እያዩ ከ2 ሰዓት አያሳልፉ። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በበጠበጡበት ውኃ ያለቅልቁት፣ ጥግ ጥጉን በሞቃት አየር ያድርቁ፣ ወዲያው ሰም ይቀቡ። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ አይጠቀሙ፤ ተሰባብሮ የሚቀረው ቅንጣት ራሱ ዝጎ አዲስ ነጠብጣብ ይሆናል። ጥቁር ነጥብ ሆኖ የቀረው ቦታ ላይ ሽፋኑ አልቋል ማለት ነው፤ ሰም ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም። የፓራውልቱን ጀርባ አይርሱ። ብዙ ጊዜ መበስበስ የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ በሽቦ ብሩሽ አጽድተው ዚንክ ያለበት ፀረ ዝገት ቀለም ይቀቡት።

ስፖኪዮው ላይ ሲትሪክ አሲድም ሆነ አቼቶ እንዳያስነኩ። አሲዱ በቀዳዳው ገብቶ ዚንኩን ይበላዋል። ለስላሳ ጨርቅ፣ ሳሙናና ሰም ይበቃዋል። ያበጠውን አይፈንቅሉት፤ መድኃኒቱ እንደገና ማስነከር ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ለማስነከር ስሰጥ ለባለሙያው ምን ልንገረው?

መልስ፦ ክሮም ጉድጓድ አይሞላም፤ እንዲያውም ከሥሩ ያለውን ጭረት ሁሉ አጉልቶ ያሳያል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዎ «ጉድጓዱን በምን ትሞላዋለህ?» የሚል ይሁን። ተገቢው ሥራ አሮጌውን ንክር ገፍፎ፣ የተበላውን ዚንክ ንጹሕ ማዕድን እስኪታይ ቆርቁሮ፣ መዳብ መንከር ነው። ከዚያ ጉድጓዱ በስታኞ (ለብየዳ በሚቀልጠው ለስላሳ ማዕድን) ይሞላል፣ እንደገና መዳብ ይነከራል፣ ይሞረዳል፣ ይወለወላል። ኒኬልና ክሮም የሚመጡት ከዚህ በኋላ ነው። መዳቡን የሚዘል ሰው ያስረከበዎት ዕቃ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ያብጣል።

ሲወለወል ሹል ጠርዝና ጽሑፍ ይሟሽሻል። ከመስጠትዎ በፊት በየአቅጣጫው ፎቶ አንሱት፤ የትኛው መስመር መቆየት እንዳለበትም በግልጽ ይንገሩት። የብሎን ጥርሶች እንዲሸፈኑ ይጠይቁ፤ ሳይሸፈኑ ከተነከሩ ዳዶው አይገባም። ያን ጊዜ በጉልበት አይጠምዝዙ፤ ዚንክ ይሰነጠቃል። ጥርሱን በፊሌራ (የብሎን ጥርስ ማውጫ) ወይም በማስኪዮ (የዳዶ ጥርስ ማውጫ) ቀስ ብለው ያጽዱት።

መስታወቱን፣ ሞላውንና ቪቴዎቹን ሁሉ ራስዎ ፈትተው ለብቻ ያስቀምጡ። አልፈታ ያለ ቪቴ ካለ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት አንጠባጥበው አንድ ቀን ያሳድሩት። የጋዝ እሳት ፈጽሞ አያስጠጉ፤ ይህ የዚንክ ቅልቅል 400 ዲግሪ ሳይደርስ ይቀልጣል። ንክሩን ቤት ውስጥ ለመሞከር አያስቡ፤ በተለመደው ዘዴ ገንዳው ውስጥ ያለው የክሮም ውሕድ ካንሰር አምጪ ነው።

ጥያቄ፦ የስፖኪዮው መስታወት ከጠርዙ ጀምሮ እየጠቆረ ነው። መንስኤው ምንድን ነው?

መልስ፦ ከመስታወቱ ጀርባ ያለው የብር ሽፋን በእርጥበት እየተበላ ነው። ከፊት የሚደረግ ጽዳት ምንም አይለውጥም፤ ወይ ብሩ እንደገና ይቀባል፣ ወይ አዲስ መስታወት ይቆረጣል። ከማውጣትዎ በፊት ቀጥ ያለ ማስመሪያ ፊቱ ላይ ያጋድሙ። መሃሉ ነክቶ ዳርና ዳሩ ክፍት ከሆነ መስታወቱ ጎባጣ ነውና አዲሱም እንደዚያው መሆን አለበት፤ ያለዚያ ከኋላ ያለው ነገር የሚታይበት ርቀት ይለወጣል።

ክፈፉን በፀጉር ማድረቂያ አሙቀው ከታች በኩል በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ስንጥር ያንሱት፤ ካቻቪቴ ክሮሙን ይሰብራል። ጓንትና መነጽር ያድርጉ። የአሮጌውን ቅርጽ በካርቶን ያውጡ፣ አዲሱን ከካርቶኑ 1 ሚሊሜትር ያህል አሳንሰው ያስቆርጡ። የተቆረጠውን ጠርዝ በእርጥብ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፣ የጀርባውን ዳር በቫርኒሽ ዙሪያውን ይዝጉት። ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነው፤ ጥቁረቱ የሚጀምረውም ከዚሁ ጠርዝ ነው። ሲያጣብቁ አቼቶ አቼቶ የሚሸት ሲሊኮን አይጠቀሙ፤ ከእሱ የሚወጣው አሲድ ብሩን ይበላል። ለመስታወት የተሠራ፣ አሲድ የሌለው ሲሊኮን ይፈልጉ። መስታወቱ የሚቀመጥበት የስፖኪዮ ቤት ከታች የውኃ መውረጃ ቀዳዳ ካለው በሲሊኮን እንዳይደፍኑት።

ጥያቄ፦ ስፖኪዮው እንዲለሰልስ ግራሶ ቀባሁት፤ አሁን በንፋስ ይወርዳል።

መልስ፦ ስፖኪዮው የሚዞርበት ኳስ ባለበት የሚቆመው በሰበቃ ነው፤ ግራሶው ሰበቃውን አጠፋው። ፈትተው ኳሱንም ማቀፊያውንም በአልኮል ጠርገው ያድርቁ፣ ከዚያ ኳሱን የሚጫነውን ሞላ ቪቴ በሩብ ዙር በሩብ ዙር እያጠበቁ ይሞክሩ። ግራሶ የሚገባው መኪናው አካል ላይ የሚያስሩት ብሎን ጥርስ ላይ ነው። በእግሩና በላሜራው መካከልም የጎማ ንጣፍ ይኑር፤ ዚንክና ብረት በእርጥበት ከተነካኩ ዚንኩ ይበላል።

ጥያቄ፦ የመስኮት ዙሪያውን ጌጥ በክሮም መወልወያ ፈተግሁት፤ ወተት መሰለ።

መልስ፦ ክሮም አልነበረም፤ አኖዳይዝ የተደረገ (በኤሌክትሪክ ጠንካራ የኦክሳይድ ሽፋን እንዲያወጣ የተደረገ) አልሙኒየም ነው። ቀላል ከሆነና ማግኔት ካልያዘ ይህን ይጠርጥሩ። የተፈተገው ጠንካራ የኦክሳይድ ሽፋኑ ነው። መወልወሉን አሁኑኑ ያቁሙ፤ ብርሃኑ የሚመለሰው ሽፋኑ በሙሉ ተነስቶ አልሙኒየሙ ተወልውሎ እንደገና አኖዳይዝ ሲደረግ ነው። ስቴንለስ ጌጥ ብቻ ይህን ፍትጊያ ይችላል፤ ንክር የለውም፣ ስለዚህ ጭረቱን በ600፣ በ1000፣ ከዚያ በ1500 ቁጥር እርጥብ ብርጭቆ ወረቀት አንስቶ መወልወል ይቻላል።